የገዛ ዘበኛዬን አባረርኩት

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት የእትዬ አስካለ የኢንተርኔት ሱቅ ደንበኞች በሙሉ ከአንድ የኮምፒውተር አድራሻ ይመጣሉ!

እትዬ አስካለ ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ ይሸጣሉ። ድረ ገጻቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

«ይሄማ ሌባ ነው» አልኩ። የጠረጠርኩት ፊት ለፊታቸው የሚሸጡትን ጋሼ ወርቁን ነው። ሰሞኑን ሰላምታቸው በዝቶብኛል።

አድራሻውን ዘጋሁት።

ወዲያው እትዬ አስካለ ደወሉ። «ልጄ፣ አላስገባ አለን እያሉ ደንበኞቼ አስጨነቁኝ!»

አብራኝ የምትሠራው ሃና ስክሪኔን አየችና «ትናንት ከጃቫ ሰርቨሩ ፊት ዌብ ሰርቨር ያቆምከው አንተ አይደለህ?» አለችኝ።

ለካ ድሮ ደንበኛው ሱቁን ወደሚያሠራው ጃቫ ሰርቨር በቀጥታ ነበር የሚገባው። አሁን ሁሉም ከፊት ቆሞ በሚቀበለው በዌብ ሰርቨሩ በኩል ስለሚያልፍ ጃቫው የሚያየው የእሱን አድራሻ ብቻ ነው። ግቢ ውስጥ የቤቱን በር ሁሌ የሚያንኳኳው ዘበኛው እንደሆነ ማለት ነው፤ እንግዳው ውጭ ቆሟል። እኔ ባለሙያ ተብዬ ዘበኛውን አባረርኩት።

መልሼ ከፈትኩት። ጋሼ ወርቁንም በልቤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ከሰዓት እሳቸው ራሳቸው ደወሉልኝ። «ለእኔም እንደ አስካለ ያለ ሱቅ ሥራልኝ እስቲ።»

እሺ፣ ግን ስልኬን ከየት አገኙት?

እናንተስ ሌባ ያዝኩ ብላችሁ የገዛ በራችሁን ዘግታችሁ ታውቃላችሁ? ንገሩኝ። ስልኬን የሰጠም ካለ እዚሁ ይናዘዝ።