ጋሽ ማርቆስ የጠጡት ጠላ

ባለፈው ቅዳሜ በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ፎርድስበርግ ከሚባለው ሰፈር ካለ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ስለ ጥንቱ የአየርላንድ አስተዳደር የሚያወራ መጽሐፍ ገዛሁ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። አንዱ ምዕራፍ ስለ ሰፈር ፖሊሶችና ስለ መጠጥ ፈቃድ ነው፤ ከሹሞቹ ማን ካቶሊክ፣ ማን ፕሮቴስታንት እንደሆነ፣ ለየትኛው ወገን ማን ሊናገርለት እንደሚገባ ያትታል። ምዕራፉን ሳልጨርስ በስደት መጀመሪያ የኖርኩበት ሰፈር፣ ካትሌሆንግ ትዝ አለኝ።

ያኔ የሃያ ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። ከሆሳዕና መጥቼ በጋሽ ማርቆስ ስፓዛ፣ በትንሿ የሰፈር ሱቅ ውስጥ፣ ዳቦና የስልክ ካርድ እሸጥ ነበር። ጋሽ ማርቆስ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ፤ እሁድ እሁድ መድረክ ላይ ወጥተው መጠጥን ያወግዛሉ። የሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያም የኢትዮጵያውያን ተወካይ ያደረገው እሳቸውን ነበር። ሃይማኖታችን አንድ ይሁን ሁለት የጠየቀን የለም፤ እኛም አልነገርንም።

ከሱቁ ጀርባ እትዬ ጽጌ የሚባሉ የጎንደር ሴት ይኖሩ ነበር። በሻንጣ ከአዲስ አበባ በመጣላቸው ጌሾ ለኅዳር ሚካኤል ማኅበር ጠላ ይጠምቃሉ። ጋሽ ማርቆስ በዚያ ሲያልፉ፣ "ሽታው እንዳያሰክርዎ አፍንጫዎን ይያዙ" እያሉ እትዬ ጽጌ ይተርቧቸዋል። ጋሽ ማርቆስም እየሳቁ እውነትም ይይዛሉ።

በበዓሉ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ያለፈቃድ መጠጥ ይሸጣል የሚል ጥቆማ ደርሷቸዋል። የእትዬ ጽጌ የጥገኝነት ወረቀት ጊዜው አልፎበታል፤ ጣቢያ ከገቡ መጨረሻው ወደ አገር መባረር ነው። ጋሽ ማርቆስ ተጠሩ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ጠላው ለሽያጭ ሳይሆን ለጸሎት የሚቀርብ መሆኑን አስረዱ። ትልቁ ፖሊስ አላመናቸውም።

"የቤተ ክርስቲያናችሁ ከሆነ አንተም ትጠጣለህ። እስቲ ጠጣ" አላቸው።

እትዬ ጽጌ ጽዋውን ሞሉ። ጋሽ ማርቆስ ተቀበሉ፣ አማተቡ፣ እስከ አተላው ጨለጡት። ሲያማትቡ አይቼ አላውቅም። ደነገጥኩ። ፖሊሶቹ አምነው ሄዱ።

በሳምንቱ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ።

"እህታችን፣ ወንድም ማርቆስ ጠጥቷል?"

"ጠጥተዋል። ጨርሰው።"

ጋሽ ማርቆስ ከመድረክ ታገዱ። ቅጣቱን ተቀበሉ። በማግስቱ እንደ ወትሮው ሱቁን ከፈቱና ቁርስ መብላቴን ጠየቁኝ።

ያን ቀን የደነገጥኩት በእሳቸው ነበር። ዛሬ በራሴ እደነግጣለሁ። ለምን እንደጠጡ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ያልተጠየቅኩትን አልተናገርኩም። እትዬ ጽጌ በዚያ ጽዋ ምክንያት ቤታቸው ማደራቸውን ሽማግሌዎቹ በጠየቁኝ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።