የመርከቧ ተረኛ

እናትነሽ ቤድፎርድ ከተማ ውስጥ የሚስተር ኦርቪል አስታማሚ ሆና መሥራት ከጀመረች ገና ወር አልሞላትም ነበር። ሽማግሌው መቶ ዓመት ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ ሚስታቸውን ቀብረው ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በረንዳው ላይ ቁርሳቸውን አብልታ፣ እዚያው በዊልቸራቸው ትታቸው አንሶላ ልትቀይር ገባች። እጇን ፍራሹ ላይ ስታሳርፍ ክው አለች። ሰው አሁን የተነሳበት ይመስል አልጋው ሞቋል። እሳቸው ግን ከተነሱ ቆይተዋል፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው የለም።

ሮጣ ወጣች። «ሚስተር ኦርቪል፣ አልጋዎ ላይ ማን ነው የተኛው?»

«ተረኛዬ ነው፤ አትረብሺው» አሉ፣ ቡናቸውን ሳያስቀምጡ።

ከዚያ አጫወቷት። ኤስቴላ ከዓለም ጦርነቱ በፊት ሀብታሞች እየጨፈሩ ውቅያኖስ የሚሻገሩባት መርከብ ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ወታደር እንድታጓጉዝ ግራጫ ቀቧት፣ መስኮቶቿን አጠቆሩ፣ የመዋኛ ገንዳዋን አድርቀው ተደራራቢ አልጋ ተከሉበት። ወጣቱ ኦርቪል የተኛው እዚያ ገንዳ ውስጥ ነው። ወታደሩ ስለበዛ አንዱን አልጋ ሁለት ሰው በፈረቃ ይተኛበት ነበር።

«ፊቱን አላውቀውም፤ እኔ ስመጣ እሱ ሄዷል። የማውቀው ሙቀቱን ነው። አንድ ቀን ብገባ አልጋው በረዶ ሆኗል። ባሕር ወስዶት ይሆናል አሉኝ። ከጦርነቱ በኋላ መርከቧን ለብረቷ ቆራረጧት። ያኔ ነው መምጣት የጀመረው። መተኛ አጥቶ መሰለኝ፣ ልጄ።»

ማታ ለባሏ ለይርጉ ነገረችው። «ሶ፣ ሂተሩ ይሆናላ፣ የቤቱ ማሞቂያ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም። «ወይ ጸልየሽ አስወጪው፣ ወይ የቀጠረሽን ኤጀንሲ ኮል አድርጊና ቤት ይቀይሩልሽ።»

በማግስቱ መንፈሱን ልትገሥጸው ቆርጣ ገባች። አልጋው አጠገብ ቆማ «በኢየሱስ ስም» ብላ ስትጀምር፣ የደከመው ሰው ጎኑን እንደሚያሳርፍ ሁሉ ፍራሹ ቀስ ብሎ ሰመጠ። የጨዋማ ባሕር ሽታ አፍንጫዋን መታው። ጸሎቷ አፏ ውስጥ ቀረ። ሽማግሌው «መተኛ አጥቶ» ያሉት ትዝ አላት። ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጋ አለበሰችውና ወጣች።

ሥራውን አልተወችም። ሚስተር ኦርቪል በኅዳር፣ የቀን እንቅልፍ ላይ እንዳሉ አረፉ። ልጃቸው ሜስኪት ከምትባል ከተማ መጥታ ዕቃውን ለዕርዳታ ድርጅት ስትለይ፣ እናትነሽ «አልጋው ባይሰጥ» አለቻት።

ሴትዮዋ እጇን ፍራሹ ላይ አሳረፈች። «አንቺም ነክተሽዋል ማለት ነው» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ አልጋው እንደተነጠፈ ቆየ።