ላልበደለች ልጅ የለመንኩት ይቅርታ

ይህ ነገር እኔን ያስወጣኝ ሲደመር የአንድ ኮርስ ክፍያ፣ አንድ ክረምት እና ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሳምንት ተለጥፎ የከረመ ስሜ ነው። ለሠራሁት ሥራ ርካሽ ነው። ነጋዴ ነኝና ርካሽ ነገር ሳይ አውቃለሁ። የቀረውን ዋጋ የከፈለችው ሌላ ሰው ስለሆነች ነው እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው።

ከሆነ አምስት ዓመት ሞላው። ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጊዮርጊስ አካባቢ የመነጽርና የእጅ ሰዓት ሱቅ አለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት እየተንጠባጠብኩ ጨረስኩ፤ ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ ፒያሳ ነው። ፒያሳ ብዙ ያስተምራል፣ ወረቀት ግን አይሰጥም። ባንክ ሄጄ ቅጽ ስሞላ «የትምህርት ደረጃ» የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እስክሪብቶው ይከብደኛል። አንድ ቀን በቃኝና ከሱቄ ብዙም ከማይርቅ አንድ የግል ኮሌጅ ሄጄ ተመዘገብኩ። ትምህርቱ ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ዲግሪው አምስት ዓመት ይፈጃል።

ከተመዘገብኩ በኋላ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። አዲስ ገቢ ሁሉ የእንግሊዝኛ የምደባ ፈተና ይፈተናል። ከአርባ ሠላሳ ያመጣ ከመሠረታዊ እንግሊዝኛ ነፃ ይሆናል። ያላመጣ ያንን ኮርስ ጎን ለጎን ካልወሰደ ሌላውን መመዝገብ አይችልም። ኮርሱ የሚሰጠው ደግሞ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ማለት ሠራተኛው ከቢሮ ወጥቶ ፒያሳን የሚያጥለቀልቅበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሱቅ ዘግቶ ሰዋስው የሚማር ነጋዴ ቢያመው ነው።

ለነገሩ ብዙም አልሰጋሁም። እንግሊዝኛ የምችል ይመስለኝ ነበር። ለቱሪስት ሰዓት እሸጣለሁ። «የመጨረሻ ዋጋ» የሚለውን በአምስት ቋንቋ እላለሁ።

የፈተናው ቀን በአንድ አግዳሚ ሁለት ሁለት አድርገው አስቀመጡን። እኔ አጠገብ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ የምትሆን ቀጭን ልጅ ተቀመጠች። ኪሴን ስዳብስ አይታ፣

«ጋሼ፣ ላጲስ አልያዙም እንዴ?» አለችኝ።

«ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ቆየሁ ልጄ፣ ስህተት አጥፍቼ አላውቅም» አልኳት። ሳቀችና ላጲሷን ለሁለት ሰብራ ትልቁን ግማሽ ሰጠችኝ። ስሟ ሰናይት መሆኑን ያነበብኩት ከወረቀቷ ላይ ነው። ሌላም ያነበብኩት እዚያው ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን አንድ አሠራር ልንገራችሁ። ደንበኛ የጠየቀኝ ፍሬም እኔ ጋ ከሌለ «የለም» አልልም። «ይቀመጡ፣ ከመጋዘን ላምጣልዎ» ብዬ እወጣና ከጎረቤቴ ከሸምሱ ሱቅ አንስቼ እመለሳለሁ። መጋዘን የሚባል ነገር የለኝም። ሸምሱም ሲቸግረው ከእኔ ሱቅ ያነሳል፤ በኋላ እንተሳሰባለን። ሃያ ዓመት እንዲህ ስንኖር ማንም ሌባ ብሎን አያውቅም።

አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ መጋዘኔ ባዶ መሆኑ ገባኝ። አጠገቤ ያለው ሱቅ ግን ሙሉ ነበር። ልጅቷ የምርጫ ክቦቹን ሳታመነታ ታጠቁራለች። ለራሴ የምመርጠው መነጽር ደግሞ መቼም መጥፎ አይሆን፤ ወረቀቷ ጥርት ብሎ ይታየኛል። መጀመሪያ አንድ አነሳሁ። ቀጥሎ ሦስት። በኋላ የራሴን መልሶች ሁሉ በሰጠችኝ ላጲስ አጥፍቼ የሷን ጻፍኩ። ለራሴ «ከጎረቤት ነው ያነሳሁት» አልኩ። ሸምሱ ሳነሳበት እንደሚያውቅና እሷ ግን እንደማታውቅ ያኔ ማሰብ አልፈለግሁም።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለልኝ። የሬጅስትራሩ ቢሮ በር ላይ ስደርስ ሰናይትም ቆማለች፤ በፌስታል የተጠቀለለ ሽርጥ ይዛለች። ከሥራ አስፈቅዳ መምጣቷ ነው። ኃላፊው ክራባት ያሰረ ወጣት ነበር። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋ።

«ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አራት» አለ። «የተሳሳታችኋቸው ስድስቱም ጥያቄዎች አንድ ናቸው። የመረጣችሁት ስህተት ራሱ አንድ ነው።»

የሷን ቅጽ አነሳና አድራሻው ላይ ሲደርስ «ዶሮ ማነቂያ» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ስሙ በክፉ የሚነሳ የድሃ ሰፈር ነው። ቀና ብሎ አያት።

«ከጋሼ ላይ ነው የቀዳሽው?»

«እኔ አልቀዳሁም።»

«ታዲያ እሳቸው ናቸው ከአንቺ የቀዱት?»

እንደ ቀልድ ነበር ያለው። ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ፈገግ አለ። እኔ ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ፤ ጆሮ ግንዴ ላይ ሽበት አለኝ። ሰናይት አየችኝ። ማን እንደቀዳ በዚያች ቅጽበት እንደገባት ከዓይኗ አወቅሁ።

ብዋሽ ይሻል ነበር። እኔ ግን አልዋሸሁም፤ ከውሸት የባሰ ነገር አደረግሁ። እንደ ሽማግሌ ብድግ ብዬ፣ እጄን አጣምሬ ማማለድ ጀመርኩ።

«ልጅ ናት» አልኩ። «ልጅ ይሳሳታል። ስለ ጊዮርጊስ ብላችሁ ይቅር በሏት። እኔ ይቅር ብያታለሁ።»

ኃላፊው ልቡ ተነካ። የኮሌጁ ደንብ የሚለው ኮራጅ ይባረር ነው። ነገር ግን ለእኔ ሽበት ሲባል መባረሩ ቀርቶላት ነፃ የመሆን መብቷ ብቻ ተሰረዘ። መሠረታዊ እንግሊዝኛን ከሌላው ጋር ትወስዳለች። የእኔ ሠላሳ አራት ጸደቀ።

«ጋሼን አመስግኚ» አላት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች፣ ሽርጧን እያየች።

ሰፈር ተመልሼ ለሸምሱ ነገሩን እንደ ጀብዱ ነገርኩት። አንዲት ልጅ ከእኔ ቀድታ ልትባረር ስትል አማልጄ አስተረፍኳት አልኩት። «አንተ ላይ ቀዳች? ምስኪን፣ ከዚህም የባሰ ድህነት አለ?» ብሎ ሳቀብኝ። አብሬው ሳቅሁ።

ሁለት ወር አለፈ። ሰናይትን ቅዳሜና እሁድ ክፍል ውስጥ አላየኋትም። ሌላ ክፍል ተመድባ ይሆናል ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ፈልጌም አልነበረም።

አንድ ረቡዕ፣ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ፣ ሸምሱ ያዘኝ።

«ነፃ ሆንኩ ብለህ ሰፈሩን አደንቁረህ አንድ ማኪያቶ እንኳ አትጋብዝም? ስስትህም ዲግሪ ሊይዝ ነው እንዴ?»

ከሱቃችን ወረድ ብሎ ወዳለ ኬክ ቤት ገባን። ማኪያቶና ሚልፎሊ አዘዝን። ትሪውን ይዛ የመጣችው ሰናይት ነበረች።

«ደህና ነዎት ጋሼ?» አለችኝ።

«ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ? ክፍል የለሽም?» አልኳት።

«ተውኩት ጋሼ። የማታው ሰዓት ከዚህ ሥራ ጋር አልሄደልኝም። ሥራውን ልተው ብል ደግሞ እናቴን ማን ያበላታል?»

ሸምሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ምላሱ ግን ፍሬን የላትም።

«ቆይ፣ ከአንተ ላይ የቀዳችው ይቺ ናት እንዴ?» አለ ጮክ ብሎ።

ባንኮኒው ላይ ሂሳብ የምትቀበለው የኬክ ቤቱ ባለቤት ቀና አለች። ሁለት ጠረጴዛ ወደ እኛ ዞረ። ሸምሱ አሁንም አላቆመም። «አይዞሽ አንቺ፣ በደህና ሰው ላይ ነው የጣለሽ። ይሄ ሰውዬ ባይኖር ይኼኔ ስምሽ ጠፍቶ ነበር» አላት።

ሰናይት ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ አድርጋ አየችኝ። አልተቆጣችም።

«ጋሼ ይንገሩዎት» አለችው።

ከእኔ የሚፈለገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እሷ ጠበቀች። ባለቤቷም ጠበቀች። እኔ ያልኩት «ሂሳብ አምጪልን» ነው።

ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ሸምሱ ምን እንደነካኝ ጠየቀኝ። እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

«ሃያ ዓመት ከሱቄ ስታነሳ አንድም ቀን እኔን ሌባ አድርገኸኝ አታውቅም» አለኝ። ከዚያ ጥሎኝ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ኮሌጁ ሄድኩ። ለኃላፊው የቀዳሁት እኔ ነኝ አልኩት። ወንበር ሳበልኝ።

«ጋሼ፣ ደግነትዎ ይገባኛል» አለ። «ልጅቷ መጥታ ለምናዎት ነው አይደል?»

«አልለመነችኝም። የቀዳሁት እኔ ነኝ።»

«እንዲህ ያለ አባት ዛሬ የት ይገኛል? ግን ለሰው ብለው የራስዎን ስም አያበላሹ።»

በሕይወቴ ብዙ የማይሸጥ ዕቃ ሸጫለሁ። የዚያን ቀን እውነቱን ራሱ መሸጥ አቃተኝ። በመጨረሻ «ፈትኑኝ» አልኩት። «ያንኑ ወረቀት ስጡኝና ብቻዬን አስቀምጡኝ።»

ደስ ይበላቸው ብሎ ሰጠኝ። ከአርባ አሥራ አንድ አመጣሁ። ከአሥራ አንዱም ሁለቱ የሷ መልሶች ናቸው፤ ትዝ ብለውኝ ነው። ኃላፊው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አረመው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጋሼ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ጉዳዩ ከአንድ ወር በኋላ ስብሰባ ቀረበ። እኔ ራሴ ስላመንኩ መባረሩ ቀርቶልኝ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ስሜም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ስለተቃረበ የተማርኩትን አልሰረዙብኝም፤ መሠረታዊ እንግሊዝኛን ክረምት ላይ እንድወስድ ተፈቀደልኝ። ለጥፋተኛው ለእኔ እንዲህ ያለ መንገድ ተገኘልኝ። የሰናይት ሠላሳ አራት ተመለሰላት። ነገር ግን ትምህርቱን ትታ ስለነበር የሚቀጥለውን መስከረም ጠብቃ እንደ አዲስ መጀመር አለባት ተባለ።

ይህን ልነግራት ኬክ ቤቱ ሄድኩ። ደንበኛ ያልበዛበት ጠዋት ነበር። ያደረግሁትን ባለቤቷ ባለችበት፣ ባንኮኒው ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ባለቤቷ የምታሽገውን ኬክ ትታ እስክጨርስ ሰማችኝ። ሰናይት መስታወቱን እየወለወለች ነበር። መቼም ነጋዴ ነኝ፣ የዓመቱን ክፍያ ልቻል አልኳት።

«ክፍያውን ሠርቼ እከፍላለሁ» አለችኝ። ጨርቁን አስቀመጠች። «ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ‹አላውቅም› ቢሉ እንኳ እከራከር ነበር ጋሼ። እንደገና ፈትኑኝ እል ነበር። እርስዎ ግን ይቅር አሉኝ። ይቅር የተባለ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?»

ገንዘቤን እንደያዝኩ ወጣሁ።

በመስከረም ተመልሳ ገባች። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «ደህና ነዎት ጋሼ» ትለኛለች፤ ዝም ብላኝ ብታልፍ እመርጥ ነበር። ሸምሱ ከስንት ጊዜ በኋላ ታርቆኛል፤ ዕቃም እንደ ድሮው አንዳችን ከሌላው እናነሳለን። ሰፈር ውስጥ ሰው ተጣልቶ ለሽምግልና ሲጠሩኝ ግን አልሄድም። ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ስለ ጊዮርጊስ ብዬ የለመንኩት ልመና ጆሮዬ ላይ አለ።

እኔ ባለፈው ሐምሌ ተመርቄያለሁ። ሰናይት አንድ ዓመት ይቀራታል።