የሞተሩ እትብት

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? የወደቧ ሞተር ጠጋኝ ይህን ቢጠየቁ፣ «እስቲ ያንን ፒንሳ አቀብለኝ» የሚሉ ይመስለኛል።

የለበሱት የወንድ ካፖርት ስለሚሰፋቸው እጅጌውን ቀልብሰውታል። ጀልባው ላይ ተንበርክከው፣ ከአሮጌው ሞተር የሚወጣውን ሽቦ ልጠው ከአዲሱ ማጥፊያ ጋር አጣመሩት። ሌላውን ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር በብሎን ከማሰራቸው በፊት ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። ከማጥፊያው ቀይ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ነጂው ከእጁ ጋር ያስረዋል፣ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ቀጥ ይላል።

«እማማ፣ እትብታችን ከተቆረጠ ስንት ዘመኑ! እንደገና ሊቀጥሉልን ነው?» አለ ባለጀልባው። ጓደኞቹ ተንከተከቱ።

«ያኛው ሲቆረጥ አንተ ጮህክ፣ ልጄ። ይሄኛው ሲነቀል ጯሂው ዝም ይላል።»

ሞተሩን አስነሥተው ገመዱን ነቀሉት፤ ዝም አለ። አላመኑትም፤ ደግመው ሞከሩት።

«አሁን ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው?» አለ ባለጀልባው።

«ሰው የሌለባት ጀልባ ብቻዋን ስትዞር አይተህ ታውቃለህ?» አሉና የካፖርቱን እጅጌ እንደገና ቀለበሱት። የሚስቅ ጠፋ።

ሥራቸውን ጨርሰው ከጀልባው ሲወርዱ የለመኑት አንድ ነገር ነበር፦ «ከመሄድህ በፊት እዚሁ ፊቴ እሰረው፤ በዓይኔ ልየው።»

«እሺ እማማ፣ መሀል ስደርስ» አለና ሞተሩን አስነሣ። ቀዩ ገመድ የማንንም እጅ ሳይዝ እየተወዛወዘ ራቀ።