ስስ አድርገው ይቀቡት

እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ጋራዡ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ሁላችንም ግራሶ ነው የምንለው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የመኪና እግር ፈትቶ፣ ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ አጥቦ፣ ግራሶ የሚባለውን ወፍራም ቅባት ሞልቶ የገጠመ ሰው ሌላ ምን ይባላል? እኔ ከእሱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሆነን ስንበሻሸቅ ኖረናል፤ ስለዚህ እሱን ለማማትም ሆነ ለእሱ ለማዘን ከእኔ የቀረበ ሰው የለም።

ኩሽኔታ ሲሞላ ማየት ነበረባችሁ። በማንኪያም በብሩሽም አይነካውም። አንድ እፍኝ ግራሶ ግራ መዳፉ ላይ ያስቀምጥና የኩሽኔታውን ጠርዝ እየጫነ ይገፋዋል፤ ይገፋዋል፤ ግራሶው በኳሶቹ መካከል አልፎ በወዲያኛው በኩል ብቅ እስኪል ድረስ። ብቅ ሲል ፈገግ ይላል። «ባዶ ቦታ ከተውክለት ይነድዳል» ይላል። ስስታም መካኒክ ገዳይ ነው የምትል አባባልም ነበረችው፤ የራሱ ናት፣ ከማንም አልወሰዳትም። ከእጁ የወጣ መኪና በዚያው ሕመም ተመልሶ አያውቅም። በሰፈሩ እንደ እሱ ያለ እጅ አልነበረም፤ ይህን ያኔ ነግሬው ባውቅ ደስ ባለኝ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ወጥታ ወደቀች፤ አከርካሪዋ ተጎዳና ከወገቧ በታች ያለው አካል አልታዘዝ አላት። ቢቆነጥጧት አይሰማትም፣ ትኩስ ውሃ ቢፈስባት አይሰማትም። ምላሷ ብቻ እንደ መቀሷ ስለቱን እንደያዘ ቀረ። ልጅ የላቸውም። ቤታቸው ከጋራዡ መንገድ ተሻግሮ ስለሆነ ግራሶ በየሁለት ሰዓቱ እየሮጠ ሄዶ ያገላብጣታል። ቱታውን እንደለበሰ ሲገባ «መጣህ? ና እስቲ ገልብጠኝ፤ ያልተገላበጠ ያራል» ትለዋለች። ይሳሳቃሉ። 

ተገላብጣም ቢሆን ቆዳዋ አረረ። መጀመሪያ ተረከዟ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ቀጥሎ ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ አጥንቷ ፍራሹን የሚጫንበት ቦታ ላይ፣ ቆዳዋ ቀላና ተላጠ። ግራሶ ቤት ለቤት የምትዞረውን ነርስ አስጠራ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ከእግሯ የሰፋ ጫማ የምታደርግ ልጅ ናት። ነጭ ቅባት ያለበት ብልቃጥ ከቦርሳዋ አወጣች። እኔም በሽተኛዋን ልጠይቅ ሄጄ እዚያው ነበርኩና የተናገረችውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«አባባ፣ መጀመሪያ እጅዎን በሳሙና በደንብ ይታጠቡ። ቁስሉን በዚህ ጨው ባለው ንጹሕ ውሃ ያጥቡት፤ ከዚያ በጎዝ ነካ ነካ አድርገው ያድርቁት፣ አይሹት። ጣትዎን ብልቃጡ ውስጥ እንዳይከቱ፤ በዚህች እንጨት ነው የሚያወጡት። ስስ አድርገው ይቀቡት። ቅባቱ ለደረቀና ላይ ላዩን ለተላጠ ቆዳ ነው። ቁስሉ ከጎደጎደ፣ ከሸተተ፣ ወይም በሳምንት ውስጥ ካልተሻለው ቅባቱን ይተዉትና ይደውሉልኝ። ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ገባዎት?»

«ገባኝ ልጄ።»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ግራሶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንዱንም ሳያስቀር ደገመው። ሚስቱ ከአልጋዋ ላይ ሆና «እኔን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሰምቶኝ አያውቅም» አለች፤ ያቺ ቁጡ ነርስ ሳይቀር ሳቀች።

ለሁለት ሳምንት ልክ እንደተባለው አደረገ። እጁን ሲፈትግ ሲፈትግ ይውላል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግን የሠላሳ ስምንት ዓመት ነውና በሳሙና የሚለቅ አልነበረም። ተረከዟ ዳነ። ስንጥቁ ገጠመ፣ ቆዳው ለሰለሰ። ግራሶ ጋራዥ መጥቶ ለሁላችንም አወራ፤ ጎማ ሊያስነፋ ለቆመ ለማያውቀው ሰው ሁሉ አወራ። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ተረከዟ ባይድን ኖሮ ቅባቱን እንደዚያ ባላመነ ነበር።

የወገቧ ቁስል ግን አልዳነም። ጎደጎደ፤ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያስገባ ሆነ። ነርሷ በዚያ ሰሞን ለሌላ ሰፈር ተመድባ መምጣቷ ቀርቷል። ስልክ ቁጥሯ ኪሱ ውስጥ ነበር። ግራሶ ግን ጉድጓድ ሲያይ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባዶ ቦታ ከተተወለት ይነድዳል። እንጨቷን ተዋት። ቅባቱን መዳፉ ላይ አፈሰሰና በጣቱ ገፋው፣ ገፋው፣ በጠርዙ በኩል ብቅ እስኪል። ከዚያ በፋሻ አሸገው። ጠዋትና ማታ፣ የትናንቱን ሳያጥብ፣ በላዩ ላይ። አንዱ ብልቃጥ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል። ግድ የሌለው ባል ይህን አያደርግም። እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

አንድ እሑድ ልጠይቃት ሄድኩ። በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ፤ ግድግዳ ውስጥ አይጥ ሞቶ ሲቀር ያለው ዓይነት። ግራሶ ትራሷን እያስተካከለ «ፊቷን አየኸው? ጥርት አላለም?» አለኝ። ምንም አልሸተተውም። ዕድሜውን በቤንዚንና በናፍጣ ሲያጥብ ኖሮ አፍንጫው ከሞተ ቆይቷል፤ አጠገቡ ሽቦ ሲቃጠል እንኳ የምንነግረው እኛ ነን። እሷ ደግሞ የቆሰለው ቦታ አያማትም። አንዱ አያሸት፣ አንዷ አያማት፤ እግዜር ሲያጋባቸው ይህንን አላሰበበትም።

ግራሶ ውሃ ሊቀዳ ወደ ግቢ ሲወጣ እጄን ያዘችኝ። እጇ ይፋጃል።

«ሸተተህ አይደል?» አለችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እኔ ነኛ። ከሸተትኩ ሰነበትኩ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪውም!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ በሩን አየት አደረገች።

«ቀስ በል። ይኼ ሰውዬ ከወደቅኩ ጀምሮ ከማገላበጥ በቀር እጁን አጣጥፎ ሲያየኝ ነው የከረመው። አሁን ለእጁ ሥራ አገኘ። ሲቀባኝ ያፏጫል፤ ካፏጨ ስንት ጊዜው ነበር መሰለህ? ይኼንንም ልቀማው?»

«ትሞቻለሽ እኮ።»

«ዕድሜዬን ስሰፋ ነው የኖርኩት ወንድሜ። የማይጠገን ጨርቅ አውቃለሁ። እንዳትነግረው፤ በእናትህ።»

በእናትህ አለችኝ። ግራሶ ባልዲውን ይዞ ተመለሰ፣ እኔም ስለ ዝናቡ አወራሁ። አምስት ቀን ዝም አልኩ። በእነዚያ አምስት ቀናት ስንት አምፖል ቀየርኩ፣ ስንት ባትሪ ሞላሁ፣ አንድ ስልክ መደወል ግን አቃተኝ። ዓርብ ዕለት ግራሶ መጥቶ እየተቃዠች እንደሆነ ሲነግረኝ ነው ቁጥሯን ተቀብዬው ነርሷ ጋ የደወልኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት የእኔ ነገር ነው።

ነርሷ ጓንት አድርጋ ፋሻውን ፈታች። ቅባቱን በጎዝ ማውጣት ጀመረች፤ ማውጣቱ አላልቅ አለ። ነጩ አልቆ ቢጫ መጣ፣ ከቢጫው ሥር ግራጫ፣ ከግራጫው ሥር ጥቁር።

«ማነው እንዲህ ሞልቶ ያሸገው?» አለች ፊቷን ሳታዞር።

«እኔ ነኝ» አለ ግራሶ።

ቀና ብሎ ነው ያለው። የሚመሰገን መስሎት ነበር።

ዞራ ፊቱን ስታየው ለቁጣ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው። በተቆጣችው ይሻል ነበር። «አባባ፣ ሳይታጠብ ሲታሸግበት መግሉ መውጫ አጣ። ወደ ውስጥ ገባ» አለችው ቀስ ብላ። ግራሶ መዳፉን ገልብጦ አየው። ከዚያ ሱሪው ላይ ጠረገው፤ መልሶ ጠረገው፤ ሆስፒታል እስክንደርስ መጥረጉን አልተወም።

ሐኪሙ አጥንቷ ድረስ ዘልቋል፣ ደሟም ውስጥ ገብቷል አለ። የሞተውን ሥጋ ቆረጡ፣ አጠቡ፣ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት። በዘጠነኛው ቀን «ቤቷ ብትሆን ይሻላል» አሉን። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለግራሶ ማስረዳት አላስፈለገም፤ እሱም ለስንቱ ባለመኪና «ይዘኸው ሂድ» ብሏል።

ቤቷ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። ቁስሉን የምትነካው ነርሷ ብቻ ነበረች። ለግራሶ የተረፈው በትኩሳት የደረቀው ከንፈሯ ነው፤ ለእሱ የሚሆን ትንሽ ቅባት ነርሷ ሰጠችው። እጁን ሦስት ጊዜ ይታጠባል። በእንጨት ጫፍ ቅንጣት ታህል ያወጣና ይቀባታል። «በዛ እንዴ?» ይለኛል። «አልበዛም» እለዋለሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ወደ እሱ ታዞር ነበር፤ ፉጨቱን ጠብቃ ይመስለኛል። አላፏጨም። ሳያፏጭላት ሞተች።

ከወር በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። የእሱ ያልሆነ እጅ ይዞ ነው የመጣው። አሁን ኩሽኔታ የሚቀባው በጣቱ ጫፍ ነው፤ ቅባት መንካቱ እንኳ የማይታወቅ ያህል። እንዲህ ሆኖ የወጣ መኪና መንገድ ላይ ሰው ይጨርሳል። ስለዚህ እሱ ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ መኪናውን በክሪክ አነሳና ጎማውን ፈትቼ ኩሽኔታውን በመዳፌ እሞላዋለሁ። እንደ እሱ አልችልበትም፤ ግን ይሞላል። አልነገርኩትም። ዝም ማለትን ከማን እንደተማርኩ አውቃለሁ።

ትናንት ኩሽኔታ እያጠበ ሳለ በድንገት እጁን ከናፍጣው አወጣ።

«አንድ ነገር ነው አልገባኝ ያለው» አለ። «የእኔስ አፍንጫ ሞቷል። የእሷ ግን ደህና ነበር። እንዴት ሳይሸታት ቀረ? ሸቷት ቢሆንማ ትነግረኝ ነበር።»

የያዝኩት ሽቦ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ብዬ ትንሽ ቆየሁ።

«ጉንፋን ይዟት ነበር» አልኩት።

«ጉንፋን?»

«ከባድ ጉንፋን።»

ጣቱን በቱታው ጠረገ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ነህ፤ እኔ ነኝ» አለ። «መስኮቱን ክፍት ትቼባት እወጣ ነበር።»

ኩሽኔታውን አንስቶ በጨርቅ አደረቀው፣ በጣቱም ጫፍ፣ ስስ አድርጎ፣ ይቀባው ጀመር።