ካዝና የሚመስለው ኮምፒውተራችን

ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ እንግዳ ሁሉ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ግራጫ ብረት ሲያይ ካዝና ይመስለዋል። ጨዋው አይቶ ዝም ይላል። ደፋሩ ደግሞ "እናንተ ቤት ገንዘብ አለ ማለት ነው!" ብሎ ይቀልዳል። ካዝና አይደለም፤ ኮምፒውተር ነው። እያንዳንዷን ዕቃ እኔ መርጬ፣ እኔ ገጥሜ ያስነሳሁት ኮምፒውተር ነው። ይህን ስናገር ደረቴ እንደሚነፋ አውቃለሁ። ይነፋ፣ ይገባኛል።

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ባቡሩ ገና ቃሊቲ አልደረሰም፤ መንገዱ የከባድ መኪናና የአቧራ ነበር። ቴክኒክና ሙያ ንድፍ ተምሬ ወጥቼ የቀጠረኝ ቢሮ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በእርሳስና በማስመሪያ ለበርና መስኮት ሠሪዎች ንድፍ እያወጣሁ ነበር የምኖረው። ከደንበኞቼ ትልቁ ከቃሊቲ ወረድ ብሎ የብረት ወርክሾፕ የነበራቸው የስልጤ ሰው ናቸው። ሁላችንም ሀጂ እንላቸዋለን። አንድ ቀን አስጠሩኝና ቂሊንጦ ለሚሠራ መጋዘን የጣሪያውን ብረት ሥራ እንዳገኙ ነገሩኝ።

"ልጄ፣ የእጅሽን ሥራ እወደዋለሁ" አሉኝ። "አሠሪው ግን በኮምፒውተር ያልተሠራ ንድፍ አልቀበልም ብሏል። ሦስት ሳምንት ሰጥቶኛል። ከቻልሽ ከእንግዲህ የወርክሾፑ ንድፍ ሁሉ ያንቺ ነው። ካልቻልሽ ግን ቦሌ አንድ ቢሮ አለ፣ ለነሱ እሰጠዋለሁ።"

"እችላለሁ ሀጂ" አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት። ፕሮግራሙን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ያልነበረኝ ኮምፒውተሩ ነው። ሰፈራችን ያለው ኢንተርኔት ቤት ደግሞ ኮምፒውተሮቹ የንድፍ ፕሮግራም መክፈት ቀርቶ ዘፈን ሲያጫውቱም ይንቀራፈፋሉ።

ደግነቱ የዕቁብ ዕጣ ደርሶኝ ነበር። በዚያ ብር አንድ ሙሉ ኮምፒውተር ይገኛል፤ ግን ያገለገለ፣ ደብዳቤ ከመተየብ የማያልፍ ነው። ዕቃ ዕቃውን ለይቼ ብገዛና ራሴ ብገጥመውስ? አንድ ደብተር አወጣሁና በግራ "የማይነካ"፣ በቀኝ "የሚቀነስ" ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ኢንተርኔት ቤት እየሄድኩ አነበብኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። ፕሮሰሰሩ መካከለኛ ይሁን፤ ለጣሪያ ብረት ንድፍ ከዚያ በላይ ቅንጦት ነው። ራም ላይ ግን አልደራደርም፣ ሁለት ጊጋ። ሃርድ ዲስኩ አዲስ ይሁን፤ ሥራዬ የሚያድረው እሱ ላይ ነው። ሞኒተሩ ያ ባለ ሆዱ፣ ሰው የጣለው ቢሆንም ግድ የለኝም። ኪቦርዱ አንድ ሁለት ፊደል ቢጎድለው እንኳን እችለዋለሁ።

ብዙ ያሰብኩበት ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ መብራቱን ተቀብሎ ለሌላው ሁሉ የሚያከፋፍለው ሳጥን። የኛ ሰፈር መብራት ኖሮም አይታመንም። ጠዋት ፋብሪካው ሁሉ ማሽኑን ሲያስነሳ አምፖላችን ይደክማል። ጎረቤታችን ያለው በያጅ ሥራ በጀመረ ቁጥር ደግሞ ብልጭ ድርግም ይላል። እዚህ ላይ የሚቆጥብ ሰው ሌላውን ሁሉ ያቃጥላል ብዬ "የማይነካ" ከሚለው ሥር በትልቁ ጻፍኩት።

አባቴ ደብተሩን ያየው ያኔ ነው። አባቴ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ ሽቦውን እንደገና ሲጠቀልል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስለ ኮምፒውተር ምንም አያውቅም፤ ስለ መብራት ግን ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበውና "መርካቶ አብሬሽ እሄዳለሁ" አለኝ። ማስፈቀዱ አልነበረም።

ሱቁ ውስጥ ልጁ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ፊታችን አስቀመጠ። ጽሑፋቸውን ሳነብ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ግን ረከስ ይላል። ልቤ ወደ ርካሹ አዘነበለ። አባቴ ሁለቱን በሁለት እጁ ያዘና እንደ ሽንኩርት መዘናቸው። ርካሹ ይከብዳል። እኔ ደስ አለኝ፤ የከበደ መዳብ አለው ብሎ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። እሱ ግን ሳጥኑን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው።

"ፍታው" አለው ልጁን።

"አባት፣ የታሸገ ዕቃ አይፈታም እኮ።"

"ካልፈታኸው ካቻቪቴውን ለኔ ስጠኝ።"

ልጁ ቅር እያለው ፈታው። ውስጡ ጥግ ላይ በማስቲሽ የተለጠፈ የሲሚንቶ ቁራጭ ነበር፤ ሥራው ማክበድ ብቻ ነው። ልጁም እንደኛው ደነገጠ። "እኔም እንደ ሸጡልኝ ነው የምሸጠው፣ በእናቴ!" አለ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ አባቴን ዞረው አዩት። እኔ ደግሞ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሁለተኛውን አስፈትቶ፣ ውስጡን አይቶ፣ "ይሄ ሥራ ነው" ሲል ከፍለን ወጣን።

ከዚያ በኋላ ግን አባቴን የሚችለው ጠፋ። የቀረን ኬዙ ነበር፣ ዕቃዎቹ የሚገቡበት ቆርቆሮ። የመጨረሻውን ርካሽ ሳሳየው በጣቱ ጫን አለውና ጎደጎደ። "ይሄ ላሜራ ነው? ይሄ የሰርዲን ጣሳ ነው!" አለ። "ተዪው፣ እኔ አሠራዋለሁ።" ገንዘቡም እያለቀ ስለነበር እሺ አልኩ።

በሳምንቱ ሦስት የድሮ የፋብሪካ ጓደኞቹ ኬዙን በጋሪ አስጭነው መጡ። ሁለት ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው። ልክ እንደ ፋብሪካ ማሽን ግራጫ ተቀብቷል። አናቱ ላይ ማንጠልጠያ ቀለበት አለው፤ ሥሩ ደግሞ ወለል ላይ የሚታሰርበት አራት እግር። በሩ ዙሪያውን ጎማ ተደርጎለት በስምንት ብሎን ይታሰራል። ከኋላ ለገመዶቹ ከተተወው በቀር አንዲት ቀዳዳ የለውም።

ኬዙ እንደማይሆን ያን ጊዜ አወቅሁ። ኮምፒውተር ይሞቃል፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በአየር ነው። እነሱ ግን ሕይወታቸውን ሙሉ የታገሉት ከጥጥ ብናኝ ጋር ነው። ብናኝ ሞተር ውስጥ ገብቶ ሲያቃጥል ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ጥሩ ሥራ ማለት ለነሱ የተደፈነ ሥራ ነው። "አየር አያስፈልገውም?" አልኩ በቀስታ።

"ብናኝ ይገባበታል" አለ አባቴ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ለዚህ ቀን ብለው ንጹሕ ኮት ለብሰው ቆመዋል። ገንዘብ አልተቀበሉም። እንዴት ብዬ ተሳስታችኋል ልበላቸው? "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ተቀበልኩ። ትልቁ ጥፋቴ ያ ነው።

ዕቃዎቹን ብቻዬን ገጠምኩ። ማዘርቦርዱን አስቀምጬ፣ ፕሮሰሰሩን ትንፋሼን ይዤ አስገብቼ፣ ራሞቹን ጠቅ እስኪሉ ተጫንኳቸው። ማብሪያውን ስነካ አንድ ጊዜ "ጢት" አለና ሞኒተሩ ላይ ጽሑፍ መጣ። እልል ያለችው እናቴ ናት፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም። እኔ አለቀስኩ፤ ምን አስዋሻለሁ።

ሥራውን ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ያህል ሄዶ ድርግም አለ። አስነሳሁት፣ እንደገና ድርግም አለ። መብራቱ ነው አልኩ። ራሙን ቦታ አቀያየርኩ። መርካቶ ተመላልሼ ከሻጩ ጋር ተጨቃጨቅሁ። እያወቅሁ ላየው ያልፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ፊቴ ተገትሮ የቆመው ኬዝ ነው። ሳምንት ሲቀረኝ አባቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ጠዋት ስምንቱን ብሎን ፈትቼ በሩን አነሳሁት። ግማሽ ቀን ምንም ሳይል ሠራ። የግቢው በር ሲንኳኳ ግን ውሽማ እንደደበቀች ሴት ተራውጬ ስምንቱን ብሎን መልሼ አሰርኩ።

እንዲህ እያልኩ ሰነበትኩ። እሱ ሲወጣ እፈታለሁ፣ ሲመጣ አስራለሁ። ሥራው የሚሄደው እሱ በሌለ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ቀኑ ጥሎኝ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ገጽ ንድፍ ይቀረኛል። አባቴም የትም የሚሄድ አይመስልም። ይባስ ብሎ ሦስቱ ጓደኞቹ የእጃቸውን ሥራ ሊያዩ መጡ። ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተደርድረው ተቀመጡና መስመር ስስል ያዩኛል። አንደኛው "አቤት ጥራት!" እያለ ነው። ድርግም አለ።

"መብራት ሄደ እንዴ?" አለ አንዱ። አምፖሉ ግን እንደበራ ነው።

ያን ጊዜ ሀጂ ትዝ አሉኝ። ቦሌ ያለው ቢሮ ትዝ አለኝ። ደብተሬ ላይ ያደረግሁት ያ ሁሉ መሰረዝና መጻፍ ትዝ አለኝ። ተነሥቼ ዞርኩ።

"አባባ፣ ኬዙ ተሳስቷል። ፋብሪካ ለሞተር ልክ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ግን አየር ካላገኘ ይታፈናል። የሚጠፋው እየታፈነ ነው።"

አባቴ ተነሣና መዳፉን ላሜራው ላይ አስቀመጠ፤ ፋብሪካ እያለ የታመመ ሞተር ላይ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። እጁን ቶሎ አነሳው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ካመጣችሁት ቀን ጀምሮ።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"ጋሼዎቹ ለፍተው… እንዴት ብዬ…"

"ሽማግሌ ስላየሽ የምታውቂውን ትተዪዋለሽ?" አለ፤ ተቆጥቷል። "መርካቶ እኔ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም ብል ኖሮ ሲሚንቶ ተሸክመሽ ነበር የምትገቢው!" ከዚያ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። "ዕቃሽን ከውስጥ አውጪ። ወረቀትም አምጪ። እኔ በአፍ ትዕዛዝ ብረት በስቼ አላውቅም። ንድፍ ስጪኝ።"

በእርሳስ ሠራሁለት። ቀዝቃዛው አየር ከፊት ከታች ይገባል፣ ትኩሱ ከኋላ ከላይ ይወጣል። ከፊት ሃያ አራት፣ ከኋላ ሃያ አራት ቀዳዳ። ልኩን ሁሉ ጻፍኩበት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ረጅም ጊዜ አየው።

"ዲያሜትሩ?"

"ስምንት ሚሊ።"

"እሺ" አለ። ፋብሪካ እያለ ለኢንጂነር ይለው የነበረውን "እሺ" ነበር። ያን ቃል ከሱ አፍ ለኔ ተብሎ ሲወጣ የሰማሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከጎረቤታችን በያጅ መሰርሰሪያ ተዋሰ። ሁለቱ ጓደኞቹ ላሜራውን ያዙለት፤ አንደኛው፣ ሠላሳ ዓመት ያለ ቀዳዳ መሥራታቸውን እያጉረመረመ፣ ልኩን ከወረቀቱ ያነብለታል። እናቴ የዱቄት ወንፊቷ መቆረጡን ያወቀችው በኋላ ነው። አባቴ ብናኙን እንዲያስቀርለት ቆርጦ ከቀዳዳዎቹ በስተጀርባ ወጥሮታል። እሷ ጮኸች። እኔ ደግሞ እሱ ቤት እያለ፣ ስምንቱም ብሎን ታስሮ፣ የቀረኝን ሁለት ገጽ ቅዳሜ ጀምሬ እሑድ ጨረስኩ። አንዴም አልጠፋብኝም።

ሰኞ ጠዋት ሀጂ ንድፉን ገጽ በገጽ ገለጡት። "የት ቢሮ ነው ያሠራሽው?" አሉኝ። "ቤቴ" አልኩ። ሥራው የኔ ሆነ፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት አልተለየኝም።

ውስጡ ያለው ዕቃ ዛሬ ስንት ጊዜ ተቀይሯል። ኬዙ ግን ያው ነው። አባቴም አርጅቷል፤ እንግዳ "ይሄ ካዝና ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ግን ቀድሞ የሚመልሰው እሱ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አጥፎ ያስቀመጣትን ወረቀት ያወጣና የእንግዳውን እጅ ይዞ ወደ ኬዙ ይወስደዋል።

"ቁጠራቸው" ይላል። "አርባ ስምንት ናቸው። አንዷም ከንድፉ ዝንፍ አላለችም። ንድፉ የልጄ ነው፤ እኔ ሠራተኛዋ ነበርኩ።"