ታንክ ማስረጀት

አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ ነበር የሚተኛው። ልጅ ሳለሁ አባት ሁሉ እንደዚያ የሚተኛ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ላይ እናቴ ነገረችኝ፤ የቀድሞው ጦር የታንክ ሹፌር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ታስሮ ከተፈታ በኋላ እሱን የሚያውቅ ሰው ወደሌለበት ወደ ነገሌ መጥቶ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። ጫማው በር ከተንኳኳ ለመሮጥ ነው። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ማውለቅ የጀመረው እሷ ካረፈች ከዓመታት በኋላ፣ ስለ ድሮው የሚጠይቀው ሰው ሲጠፋ ነው።

እኔ መምህርት ነኝ፤ ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው ከአዲስ አበባ በማስመጣቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ታንኮች ነው። ጎረቤቶቼ «ባል ብታገቢ አይሻልሽም?» ይሉኛል። አይሻለኝም። መገጣጠሙን ማንም ይችለዋል፤ ቁም ነገሩ ማስረጀቱ ላይ ነው። መጀመሪያ የዝገት ቀለም እቀባለሁ። ረጠብ አደርገውና ለከብት የሚሰጠውን ጥቁሩን የኤል ሶድ ጨው ደቁሼ እበትንበታለሁ፤ ከዚያ በላዩ አረንጓዴውን። ሲደርቅ ጨውን ስፈገፍገው ቀለሙ አብሮት ይነሳና ዝገቱ ብቅ ይላል። ፀሐይ የሚመታውን ጀርባውን ነጭ በቀላቀልኩበት ቀለም አደበዝዘዋለሁ። ሰንሰለቱን ደግሞ የመንገዳችንን ቀይ አቧራ በአሮጌ ነጠላ ነፍቼ አለብሰዋለሁ። አባቴ ይህን ሁሉ ከሩቅ ያያል፤ ቃል አይተነፍስም።

አንድ ቀን የእውነተኛ ታንክ ቀለም በፀሐይ እንዴት እንደሚነጣ ልይ ብዬ ከከተማችን የጦር ካምፕ አጥር አጠገብ የተጣለውን አሮጌ ታንክ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ምን ዓይነት ድፍረት እንደነበር እንጃ። አንድ ወታደር ከኋላዬ መጥቶ ስልኬን ተቀበለኝና «ነገ ዋስ ይዘሽ ነይ» አለኝ። ለማን እንዳነሳሁ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ይህን የምታህል ሴት በታንክ ትጫወታለች ቢባል ማን ያምናል?

በማግስቱ ዋስ ልፈልግ ስወጣ አባቴ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ያ ሰው በካምፑ በር አልፎ አያውቅም፤ ገበያ እንኳ የሚሄደው ዞሮ ነው።

«አባዬ፣ ይቅርብህ፤ ሌላ ሰው እለምናለሁ።»

«አባትሽ እያለሁ?»

በሩ ላይ ዘቡ በኦሮምኛ «አካም? ናጋ?» ብሎ ሰላም አለን። አባቴ «ናጋ» አለ፤ ድምፁ ግን ተሰነጠቀ። ክንዱን ይዤው ገባን።

መቶ አለቃው ወጣት ነው። ለማስረጃ ብዬ ይዤው የሄድኩትን የፕላስቲክ ታንክ እያገላበጠ «ለምን አዲስ አታደርጊውም? አሮጌ የሚወድ ማነው?» አለኝ። «ማስረጀቱን ነው የምወደው» አልኩት።

«ፎቶውን ለማን ልትልኪ ነበር?» ድምፁ ጠነከረ።

ያኔ አባቴ ጣቱን ወደ ታንኩ ዘረጋ።

«ተሳስታለች» አለ። «እዚህ ጋ ቀለም አይኖርም። ሹፌሩ ሲገባ ሲወጣ የሚረግጠው ይሄንን ግራ ግንባሩን ነው፤ ተልጦ ብረቱ ያበራል። እንዲህ ያለውን ልታይ ነው የሄደችው።»

«አባት፣ እርስዎ ይህን እንዴት አወቁ?»

«እኔ ነበርኩ የምነዳው።»

ስንት ዓመት ጎረቤት እንኳ ያልሰማውን በገዛ አፉ፣ ያውም እዚያ ተናገረው። መቶ አለቃው አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ምን እንዳሰበ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፎቶውን አጥፍቶ ስልኬን መለሰልኝና «ሂዱ» አለን።

ቤት ስንደርስ ከደስታ ብዛት አለቀስኩ። አባቴ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል፤ ጫማውን እንዳሰረ።

«አባዬ፣ አለቀ እኮ! ሂዱ አሉን» ብዬ ክሩን ልፈታለት ጎንበስ ስል እጄን ያዘኝ።

«ያኔም መጀመሪያ ሂድ ነው ያሉኝ» አለ። «የወሰዱኝ ኋላ ነው።»